ነጭ ጋዋን ለብሶ ቅጠል መያዝ ይቻላል ወይ?

የደረሰኝን ጥያቄ አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ከተመረቅኩ 4 ዓመት ሆነኝ። አያቴ ገጠር ናት። 80 ዓመት አልፏታል፤ በቅጠልና በሥር ሰው ስታክም ነው የኖረችው። እኔ ደግሞ በቀን 50 ሰው እያየሁ፣ ለሁሉም ያንኑ ክኒን እየጻፍኩ ሰልችቶኛል። ሰውን በሙሉነቱ ስለሚያየው ሆሊስቲክ ሕክምና ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ መንገዴ እሱ ይመስለኛል። ባልደረቦቼ ‹ዶክተር ደብተራ› እያሉ ይቀልዱብኛል። አጎቴ ደግሞ ‹ብሩ አለኝ፤ የባህል ሕክምና ማዕከል እንክፈትና ስምሽን ታፔላው ላይ እናድርግ› ይለኛል። ሐኪምነቴን ሳልለቅ ይህን መያዝ እችላለሁ? ከየት ልጀምር?»

እህቴ ዶክተር፣ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥሽ፤ ይቻላል። የአጎትሽን ታፔላ ግን ለጊዜው ተይው፤ እመለስበታለሁ።

እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ በዚህ ሥራ 22 ዓመት ሆኖኛል። የባህል መድኃኒት ነገር ወደ ሥራዬ የገባው አምኜበት ወይም አንብቤ አይደለም። አንዲት ታካሚ አሳፍረውኝ ነው።

ሬዚደንት ሳለሁ፣ ስፔሻሊስት ለመሆን ስማር ነው። ሴትዮዋ የልብ ቫልቭ ችግር ነበረባቸው፤ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ የሚመጣው፣ አንቺም በየሳምንቱ የምታዪው ዓይነት። የልብ ምታቸው ስለተዛባ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን ይወስዳሉ። ደማቸው ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካው አይኤንአራቸው አንድ ወር 2 ይሆናል፣ በሚቀጥለው 5 ይገባል። መጠኑን እንቀንሳለን፣ እንጨምራለን፤ አልስተካከል አለ። ክኒኑን ስንት ሰዓት እንደሚውጡ፣ ጎመን ያብዙ አያብዙ፣ ያልጠየቅነው የለም። አንድ ቀን የቀጠሮ ወረቀታቸውን ከፌስታል ሲያወጡ ትንሽ የማር ጠርሙስ ብቅ አለች። ቶሎ ብለው መልሰው ሸጎጧት።

«ምንድን ነው እማማ?» አልኳቸው። ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ፣ ከጥቁር አዝሙድና ከማር ጋር ተለውሶ ነው። በየማለዳው አንድ ማንኪያ። ልብ ያጠነክራል ብላ ጎረቤታቸው የሰጠቻቸው።

ነጭ ሽንኩርት በዛ ተደርጎ ሲወሰድ ደም የመርጋት አቅሙን ያዳክማል። ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኝ የመድማቱ አደጋ ይጨምራል። ይህን አውቅ ነበር። አንድ ነገር የማወቅ ኩራት ደግሞ ሬዚደንት ላይ ይበረታል። ተማሪዎች ፊት ጮህኩባቸው። «እኛ እዚህ እየለፋን እርስዎ በሽንኩርት ይጫወታሉ!» አልኩ። አንገታቸውን ደፉ። «እሺ ልጄ፣ አልደግምም» አሉ። ከዚያ በኋላ በየቀጠሮው ስጠይቃቸው «ምንም አልወስድም» ነው መልሳቸው። አይኤንአሩ ግን መዋዠቁን አልተወም። ከወራት በኋላ የአፍንጫ ደም አልቆም ብሏቸው ድንገተኛ ክፍል ገቡ። ተረፉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጃቸው ኮሪደር ላይ ጠርታ፣ «ዶክተር፣ ማሩን አልተዉትም እኮ። ወደዚህ ሲመጡ ግን ጠርሙሱን ቤት ነው የሚያስቀምጡት» አለችኝ።

መድኃኒቱን አላስቆምኩም፤ ያስቆምኩት ወሬውን ነው።

እንግዲህ ሆሊስቲክ ሐኪም መሆን ከፈለግሽ የመጀመሪያው ሥራሽ ያቺ ጠርሙስ ከፌስታል እንድትወጣ ማድረግ ነው። ይህን ለመማር ሰርተፊኬት አያስፈልግሽም። ነገ ጠዋት መጀመር ትችያለሽ።

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብለሽ ስትጠይቂ ታካሚው «የለም» ቢልሽ አልዋሸም። ለእሱ መድኃኒት ማለት ክኒን፣ ሽሮፕና መርፌ ነው። ሺፈራው ሻይ ነው። አብሽ ምግብ ነው። ጤና አዳም የቡና ማጣፈጫ ነው። ጸበል ደግሞ ጸበል ነው፤ ከመድኃኒት ተራ አይቆጠርም። እኔ አሁን የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ «እዚህ ከመምጣትዎ በፊት ቤት ውስጥ ምን ምን ሞከሩ? ማን ምን አምጥቶ ሰጠዎት?» ጥያቄዋ «ሞክረዋል ወይ» አትልም፤ ሞክረዋል ብላ ነው የምትነሳው። ከዚያ ዝም እላለሁ። ዝምታው ቀላል አይደለም። ውጭ የተኮለኮለው ሰው ይታይሻል፣ ነርሷ በሩን ገፋ አድርጋ ታይሻለች። ግን ዝም በይ። ወሬው ከዝምታው ኋላ ነው የሚመጣው።

አንድ ታካሚ ልንገርሽ። ዕድሜያቸው የገፋ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፤ ስኳር አለባቸው፣ ግሊቤንክላሚድ ይወስዳሉ። በዐቢይ ጾም ሦስት ጊዜ ላብ አጥምቋቸው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ወደቁ። የክኒኑ መጠን ተቀነሰላቸው፤ ደግሞ ወደቁ። እኔ ዘንድ ሲመጡ ቀናቸውን ከሌሊቱ ጀምሮ እንዲተርኩልኝ ለመንኳቸው። ለኪዳን ጸሎት ከመሄዳቸው በፊት ክኒኑን በአብሽ ውኃ ይውጣሉ። ለዚህች ብቻ ከነፍስ አባታቸው ፈቃድ አግኝተዋል። እህል የሚቀምሱት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። አየሽው? ክኒኑ ሆድ ውስጥ ምግብ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም፤ ቆሽትን ኢንሱሊን አውጣ እያለ ይጎተጉታል። አብሹም በአቅሙ ስኳር ያወርዳል። ሰውየው ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆዳቸውን ቆመው ያስቀድሳሉ።

በስልክ ከነፍስ አባታቸው ጋር ተነጋገርን። ቄሱ ከእኔ ቀድመው ነው የገባቸው። ክኒኑ ከምግቡ ጋር ወደ 9 ሰዓት ዞረ፣ መጠኑም ቀነሰ። አብሹ ከፋሲካ በኋላ ይደርሳል ተባለ። ቆይቶም መድኃኒቱን ስኳር ያን ያህል በማይጥል ሌላ ቀየርንላቸው። ከዚያ ወዲህ አልወደቁም። እዚህ ውስጥ አንድም አዲስ ቅጠል የለም። ላቦራቶሪም አዲስ ነገር አልነገረኝም። 25 ደቂቃ ፈጅቷል፤ ያ ብቻ ነው ውዱ ነገር።

አንቺ የሰለቸሽ ክኒን መጻፉ አይመስለኝም። ይህን 25 ደቂቃ ማጣቱ ነው። ክኒኑን በቅጠል ብትቀይሪው እና በቀን 50 ሰው ብታዪ ያው ትሰለቻለሽ።

ሆሊስቲክ የሚለው ቃል ብዙ ነገር ተለጥፎበታል። መሠረቱ ሰውን በሙሉነቱ ማየት ነው፤ አካሉን፣ እንቅልፉን፣ ማዕዱን፣ ሐዘኑን፣ እምነቱን። ገበያው ግን ቃሉን ወስዶ ጠርሙስ ላይ ለጠፈው። ባለሙያዎቹ የሚለዩአቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ከሕክምናው ጎን የሚሄድ ነው። ሌላው ሕክምናውን አስጥሎ ቦታውን የሚይዝ ነው። የመጀመሪያውን ይዘሽ ዕድሜሽን ሙሉ ሐኪም ሆነሽ መኖር ትችያለሽ። በአሜሪካ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ሐኪሞችን በዚህ መስክ ያሠለጥናል። ሥልጠናውን የመሠረቱት አንድሩ ዌል ከሃርቫርድ በሕክምና የተመረቁ ሐኪም ናቸው። በሚሉት ሁሉ አልስማማም። ግን ሠልጣኞቹ ሐኪምነታቸውን ጥለው አይደለም የሚገቡት፤ ጨምረውበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1978 የአልማ አታ መግለጫው የባህል ሐኪሞችን ከመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎት ጋር አንሥቷቸዋል፤ በ2022 ደግሞ ሕንድ ጃምናጋር ላይ የባህል ሕክምና ማዕከል አቋቁሟል። ስለዚህ «ዶክተር ደብተራ» ሲሉሽ ብቻሽን እንዳልሆንሽ እወቂ።

ጎን ለጎን መሄድና ቦታ መያዝ ምን ያህል እንደሚለያዩ እኛ አገር በጸበል አይተነዋል። የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር እንጦጦ ማርያም ጸበል የገቡ ብዙ ሕመምተኞች ነበሩ። ጸበል ከገባህ ክኒን አትውጥ የሚሉ ነበሩ፤ ክኒናቸውን የጣሉም ነበሩ። ሐኪሙ ደግሞ በተራው «ወይ ጸበል ወይ መድኃኒት» ሲል ሕመምተኛው መሐል ላይ ቀረ። ነገሩ የረገበው ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ አብረው መሄድ እንደሚችሉ በይፋ ከተናገሩ በኋላ ነው። መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው ሲባል ሰው ክኒኑን በጸበል መዋጥ ጀመረ። ለቫይረሱ ክኒኑ በምን እንደተዋጠ ለውጥ የለውም። ለሰውየው ግን ትልቅ ለውጥ ነው።

ይህ አንዱ መንገድ ነው፤ የክሊኒኩ። ሌላው የምርምሩ ነው። የአያትሽን ነገር ሳነብ ልቤ ወደዚያ አደላ።

ሳይንቲስቱን አክሊሉ ለማን መቼም ታውቂያቸዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አካባቢ ብልሃርዚያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሊያጠኑ ወንዝ ለወንዝ ይዞራሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ሌላው ሰው ቢሆን አልፎት ይሄዳል። እሳቸው በሕይወት ያሉትን ሰብስበው በዕቃ አደረጉና አንዷን አጣቢ የእንዶዱን አረፋ ጠብ እንድታደርግበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ግኝቱ ይኸው ነው፤ ወንዝ ዳር፣ በልብስ ማጠቢያ አረፋ። እናቶቻችን እንዶድን ስንት ትውልድ ሲያጥቡበት ኖረዋል፤ ከታች ያለውን ቀንድ አውጣ የቆጠረው ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነው ወጣት ሐኪሞች የማይሰሙት። ግኝቱ ጊዜ አልፈጀም፤ ማሳመኑ ግን ዓመታት ፈጀ። የትኛው የእንዶድ ዝርያ ይበልጣል? ለዓሣ፣ ለከብት፣ ለሰውስ? ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ምርጡን ዝርያ ለመለየት ስንት ወቅት እየተከሉ አነጻጸሩ። የውጭ ድርጅቶች ደግሞ «የመርዛማነት ምርመራው በእኛ ቤተ ሙከራና በእኛ ደረጃ ካልተሠራ አንቀበልም» አሉ። ሁለቱ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። ከዓድዋው ወንዝ 25 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። በዚህ መንገድ የምትገቢ ከሆነ ግን ቸኩለሽ አትግቢ።

ሐኪም ከመንደር ሴት መማሩ ደግሞ የእኛ አገር ወግ ብቻ አይደለም። የልብ መድኃኒቱን ዲጎክሲንን በየቀኑ ታዢያለሽ። የመጣው ከየት መሰለሽ? በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ዊልያም ዊዘሪንግ የሚባል ሐኪም ነበር። አንዲት አሮጊት ሰውነቱ በውኃ ያበጠን ሰው ታድናለች መባሉን ሰማ። መድኃኒቷ ከ20 በላይ ዕፅዋት የተቀላቀሉበት ነው። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ዲጂታሊስ የሚባለው አበባ መሆኑን ለየ። ቀጥሎ የሠራው ነው እኔን የሚገርመኝ፤ 10 ዓመት ያህል ታካሚ በታካሚ መዘገበ። የዳነውንም፣ ያልዳነውንም፣ መጠኑ በዝቶበት የታመመውንም። በ1785 ሲያሳትመው የተሳካውን ብቻ መርጦ አላወጣም። ባልደረቦችሽ ሲቀልዱብሽ የምትመልሺላቸው መልስ ይህ ነው፤ መዝገብ። ደብተራው ቅጠሉን ያውቃል፤ ዊዘሪንግ ያልዳኑትን ጻፈ።

የቻይናዋን ቱ ዩዩንም አስቢ። የእ.ኤ.አ. 2015 ኖቤል ተሸላሚ ናት። ኮአርተም ውስጥ ላለው የወባ መድኃኒት መነሻ የሆነውን ንጥረ ነገር ያገኘችው ከጥንታዊ የሕክምና ጽሑፍ ተነሥታ ነው። መጀመሪያ ዕፁን አፍልታ ስትሞክር ውጤቱ ይዋዥቅባታል። ጽሑፉን መልሳ ስታነብ ዕፁ በውኃ ይነከር ይላል እንጂ ይፈላ አይልም። ሙቀቱ ነበር የሚያበላሸው። በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው፤ ሠራ። ስለዚህ አያትሽ ዘንድ ስትሄጂ የቅጠሉን ስም ብቻ ይዘሽ አትመለሺ። ትነክረዋለች ወይስ ታፈላዋለች? እርጥቡን ነው ደረቁን? ሥሩን ነው ልጡን? ከዝናብ በፊት ነው የሚቆረጠው በኋላ? «አንድ እፍኝ» ስትል የማን እፍኝ? እፍኟን በሚዛን ለኪው። ሦስት ጊዜ ለኪው፤ ሦስቱም እንደማይገናኙ ታያለሽ።

እና ይህን ዛሬ ነገ አትበይ። 80 ዓመት አልፏታል ብለሽኛል። ስልክሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ድምፅዋን ቅጂ፣ ተክሉን ከነአበባው አድርቂና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከል ውሰጂ። አንድ ተክል በየአገሩ ስሙ ይለያያል፤ አንድ ስም ደግሞ ሦስት ተክል ላይ ይወድቃል። ሳይንሳዊ ስሙ ካልታወቀ የጻፍሽው ሁሉ ተረት ሆኖ ይቀራል። ቀጥሎ ፋርማሲ ትምህርት ቤት ስለ መድኃኒት ዕፅዋት የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ አርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩትም በባህል መድኃኒት ላይ ይሠራል። በሩን አንኳኪ። ክሊኒክ ያለ ሐኪም ለእነሱ ብርቅ ነው፤ እነሱ ዕፅ አላቸው እንጂ ታካሚ የላቸውም።

አንድ ነገር ግን ከመቅረጽሽ በፊት፦ አስፈቅጂያት። አያቴ ናት ብለሽ አትለፊው። ዕውቀቱ የእሷ ነው፣ የመንደሩም ነው። የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚጠብቅ አዋጅም አለን፤ ቁጥሩ 482/1998 ነው። ለአንዳንድ ባህል ሐኪም መድኃኒቱን መናገር ኃይሉን ማጥፋት ነው። ያንን እምነት ለአንቺ ስትል ካነሳች ትልቅ ነገር ሰጥታሻለች።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልምጣ። ቅጠል ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም የሚለውን አባባል ከአፍሽ እንዳልሰማው።

ኮሶን እንውሰድ። የኮሶ ትልን ያወጣል፤ ይህ ሐሰት አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ድረስ ሄዶ የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ገብቶ ነበር። ግን መጠኑ ሲያልፍ ዓይን ይጎዳል፤ ማየት ያጡ ሰዎች አሉ። ዛሬ አንድ ጊዜ በሚዋጥ ፕራዚኳንቴል የሚለቅ ትል ላይ በእፍኝ የሚለካ ነገር ለምን ታዢያለሽ? ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ሲደረግ ደስ ይላል። ጨምቀው በብዛት ለነፍሰ ጡር ሲሰጡ ግን ማሕፀን ያነሳሳል። ወጌሻው የወለቀን ትከሻ በደህና ይመልስ ይሆናል። የተሰበረን የልጅ ክንድ በቀርከሃ ጠፍሮ ሲያጠብቀው ግን ደሙ ይቋረጣል። ከዚያ የሚመጣውን ጣት የጠቆረበት ልጅ በድንገተኛ ክፍል አይተሽ ከሆነ አልነግርሽም።

በውጭም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ ሴቶች ለመክሳት ከቻይና ዕፅዋት የተዘጋጀ ክኒን ወሰዱ። በአንዱ ዕፅ ቦታ አሪስቶሎኪያ የሚባል ሌላ ገብቶ ኖሯል። 100 ገደማ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ። ብዙዎቹ የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ወይም ንቅለ ተከላ ላይ ደረሱ፤ ካንሰር የያዛቸውም አሉ። ስህተቱ የስም ነው። ለዚህ ነው የደረቀውን ተክል ውሰጂ ያልኩሽ።

አንዷን በዓይኔ ያየኋትን ደግሞ ላክልልሽ። መገጣጠሚያዋ የሚያብጥባት፣ ጠዋት ጣቶቿን ማጠፍ የማትችል፣ 40ዎቹ ውስጥ ያለች እናት። «ከሥር የተቀመመ» የተባለ ግራጫ ዱቄት ከአንድ ሰው ገዛች። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ጠፋ። በሁለተኛው ሳምንት የእህቷ ሠርግ ላይ እስክስታ ወረደች። ስንት ሰው ላከችለት መሰለሽ! ከወራት በኋላ ፊቷ እንደ ድፎ ክብ አለ፤ ደም ግፊትና ስኳር መጣ። ዱቄቱ አልቆባት ስታቆም በሳምንቱ ተዝለፍልፋ በቃሬዛ መጣች። ዱቄቱን የሚመረምርልን አላገኘንም። ፊቱ ግን ስቴሮይድ፣ እብጠትን ቶሎ የሚያጠፋውን ከባድ መድኃኒት፣ የወሰደ ሰው ፊት ነው፤ ያንን ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግሽም። ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አለኝ፦ በሦስት ቀን ተአምር የሚሠራ ቅጠል ካጋጠመኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ውስጡ የተፈጨ ክኒን መኖሩን ነው።

በሌላ በኩል ራስሽንም ጠርጥሪ። ምች የመታውን ሰው ዳማ ከሴ አሽትተሽ፣ ጭማቂውን በቡና አጠጥተሽ በሦስተኛው ቀን ሲነሣ ደስ ይልሻል። ሳትሰጪውስ? ብዙ ጊዜ በሦስተኛ በአራተኛ ቀኑ ይነሣል። እኔ ዳማ ከሴን አልከለክልም፤ ቤቴ ጓሮም አለ፣ ስታመም እናቴ ትዝ ትለኛለች። ግን ትኩሳቱ አልለቅህም ብሎ አምስተኛ ቀን የገባውን ሰው ምች ነው ብለሽ ካስቀመጥሽው ታይፎስ ወይም ወባ ሊሆን ይችላል። የእኛ ሥራ ያ ልዩነት ነው። ቅጠሉን ሌላ ሰውም ይሰጠዋል።

እንግዲህ አጎትሽ።

ብሩ ክፉ ነው አልልም። ማዕከሉም በሕጉ ፈቃድ አውጥቶ ሊከፈት ይችል ይሆናል። ችግሩ ሌላ ነው። ያዘዝሽውን አንቺው ከሸጥሽው ጆሮሽ ይበላሻል። ኪራይ አለ፣ የሠራተኛ ደመወዝ አለ፣ አጎትሽ ማታ ማታ «ዛሬ ስንት ጠርሙስ ወጣ?» ይላል። ያን ጊዜ «ምንም አይጠጡ፣ ይረፉ፣ ጨው ይቀንሱ» ብለሽ ባዶ እጁን የምትሸኚው ታካሚ ኪሳራ ይሆንብሻል። እኔ የማውቀው አንድ ጎበዝ ሐኪም በዚህ መንገድ ሄዷል። ስሙን አላነሣም። ሲጀምር ታካሚ ያዳምጥ የነበረ ሰው ነው። አሁን ግድግዳው ላይ የተደረደረው ጠርሙስ ነው የሚያወራው። ታፔላው ላይ «ዶክተር» የሚለው ቃል ደግሞ ለምርቱ ማኅተም ይሆናል። ሰው የሚያምነው ቅጠሉን መስሎሽ እንዳትሳሳች፤ ዲግሪሽን ነው። ለአጎትሽ አክብረሽ እንቢ በይው። ብሩን ለቁም ነገር ማዋል ከፈለገ የመቅረጫና የደረቅ ዕፅ ማስቀመጫ ወጪውን ይሸፍንልሽ፤ ከጠርሙስ ንግድ ይረክሳል።

ለመጀመሪያው ዓመት እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን አንድ በሽታ ብቻ እይዝ ነበር። ስኳር ወይም ደም ግፊት። ደብተር ገዝቼ እያንዳንዱ ታካሚ ከክኒኑ ጎን ምን እንደሚወስድ፣ ማን እንደሰጠው፣ ስንት እንደሚወስድ፣ ኩላሊቱና ጉበቱ እንዴት እንደሆነ እጽፍ ነበር። 50ውን ሁሉ አይደለም፤ በቀን ሦስቱን። በዓመት መጨረሻ በሆስፒታልሽ ማንም የሌለው ነገር ይኖርሻል። ያንን ይዘሽ የጠዋት ስብሰባ ላይ ስትቆሚ ማን ይቀልድብሽ እንደሆነ እናያለን። ካርዱ ላይ ደግሞ «የባህል መድኃኒት አልወሰደም» ብለሽ በልማድ አትጻፊ። ካልጠየቅሽ «አልጠየቅኩም» ብለሽ ጻፊ። ትንሽ ያሳፍራል፤ ይሠራል።

በመጨረሻ ለአያትሽ አንድ ጥያቄ አድርሺልኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ቤት ቡና ተጋብዤ ነበር። የዳኑትን ሲቆጥሩልኝ አመሹ፤ እያንዳንዱን በስም። ሊመሽ ሲል «አባባ፣ እጅዎን ያላሳረፉበትስ ማን ነው?» አልኳቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡ። አጥንቱ ሥጋ ቀዶ የወጣውን፣ እግሩ የቀዘቀዘውን፣ ወድቆ በጆሮው ደም የመጣውን፤ እነዚህን አልነካም፣ በአህያም በሰው ትከሻም ቢሆን ሆስፒታል ነው የምሰደው አሉኝ። የዳኑትን ሲቆጥሩ ከሰማኋቸው ይልቅ ያን ጊዜ ነው ሐኪምነታቸው የታየኝ።

አያትሽን ጠይቂያት፤ ማንን መልሳ ታውቃለች? ምን ስታይ ነው «ይሄ የእኔ አይደለም» የምትለው? የነገረችሽን ጻፊና ላኪልኝ።